ጉዳዩ ይቅደም፣ ሰላምታው ይደርሳል

ጋሽ ጫኔ ማረፋቸውን ሊነግሩኝ ሦስት ሰዎች ከደባርቅ ዳባት ድረስ በማለዳ አውቶቡስ መጡ። ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሦስቱም አንገታቸው ላይ ስልክ አንጠልጥለዋል፤ የሦስቱም ስልክ ይሠራል። የእኔም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። የጋሽ ጫኔ ዘመድ አይደለሁም፤ መንገድ የሚለየን የፊት ለፊት ጎረቤት ነኝ። ከሦስቱ አንዱም ግን ሊደውልልኝ አልደፈረም። "ሞት በስልክ አይነገርም" ብለው የደነገጉት ራሳቸው ጋሽ ጫኔ ስለሆኑ፣ ከሞቱም በኋላ ይቆጡናል ብለው ፈርተው ነው።

እኔ ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። የደምሴን ሞት መጀመሪያ የሰማሁት በስልክ ነው፤ ሰምቼም ማልቀስ አቅቶኝ ነበር። እንደ ሰው እንዳለቅስ ያደረጉኝ ጋሽ ጫኔ ናቸው። ምን እንዳደረጉ ለመናገር ግን አስቀድሜ ሰውዬውን ማሳወቅ አለብኝ፤ አለበለዚያ ሥራቸው የእብድ ሥራ ይመስላል።

ጋሽ ጫኔ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤታችን ትይዩ ባለች በረንዳ ላይ ዘርግተው ይውላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ሜትራቸው እንደ ሻሽ አንገታቸው ላይ የተጠመጠመ። አፋቸው ሁልጊዜ ስፒል እንደያዘ ነው። ስፒሉን በከንፈራቸው እንደነከሱ የሚናገሩት ተራ ጨዋታ ነው፤ አንድ በአንድ እያወጡ ጨርቁ ላይ መሰካት ከጀመሩ ግን ነገሩ ከባድ ነውና ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

በሠፈራችን አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት በዚያች በረንዳ በኩል ያልፋል። ሬዲዮ ቢሆን፣ የፀሐይ መብራት ቢሆን፣ የልብስ መተኮሻ ቢሆን፣ ጋሽ ጫኔ ገልብጠው ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። እሳቸው ራሳቸው ከአንዲት አሮጌ ሬዲዮ በቀር ምንም አልነበራቸውም። "በማያውቁት ዕቃ እንዴት ይፈርዳሉ?" ሲባሉ፣ "ያልገዛሁት ስለሆነ አላደላለትም" ይላሉ።

የሬዲዮዋ ድንጋይ ሲደክም ከሆዷ አውጥተው የበረንዳው ጠርዝ ላይ ለፀሐይ ይደረድሩታል። ባለቤቴ ደምሴ እንደ እኔው መምህር፣ ያውም የሳይንስ መምህር ነበርና ይህን ባየ ቁጥር አያስችለውም።

"ጋሽ ጫኔ፣ የባትሪ ድንጋይ እኮ አይደክመውም። ያልቃል።"

"አንተስ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍህ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው አልቀህ ነው?"

ማታ ሬዲዮዋ ትናገራለች። ደምሴ ለምን እንደምትናገር በጠመኔ ስሎ ሊያስረዳቸው ይሞክራል፤ እሳቸው በትዕግሥት ሰምተው "ጎበዝ፤ እንዲህ ነው የሚያርፈው" ይሉታል።

ስለ ዜና የሰጡኝን ምክር እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። "መጀመሪያውን አትስሚ፤ መጨረሻውንም አትስሚ" አሉኝ። "መጀመሪያው ስብሰባውን ማን እንደከፈተው ነው። መጨረሻው ማን እንደዘጋው ነው። መሀሉ ላይ አንዳንዴ ስለ ዝናብ ይናገራሉ።"

ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ያስገባ ጊዜ ጋሽ ጫኔ ተጋብዘው ሄዱ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዜና አንባቢው ብቅ ሲል ሰው ሁሉ አፉን ይከፍታል፤ ጋሽ ጫኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡና፣ "ይህ ኮት የራሱ አይደለም" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ትከሻው ይንሳፈፋል። ለሌላ ሰው ነው የተሰፋው። የሰው ኮት ለብሶ የሚነግርህን ነገር ትንሽ ቀንሰህ ስማ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠፈራችን ዜና በትከሻ ሆነ። "ዛሬ ዜናው እንዴት ነው?" ሲባል፣ አንዱ "ደህና ነው፣ ልኩ ነው" ይላል፤ ሌላው "ኧረ ብብቱ ጋ ይይዘዋል" ይላል። ደምሴ እንኳ፣ ሳይንስ የተማረው ሰው፣ አንድ ማታ ዜና እያየን "ይሄኛው እጅጌው አጥሮታል፤ አላምነውም" ሲል ሰምቼው በሳቅ ልሞት ነበር።

ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ቡይት ራስ የሚወጡ ፈረንጆች የሻንጣቸው ዚፕ ሲበጠስ እሳቸው ጋ ይመጣሉ። አንዷ ፎቶ ላንሳዎት አለቻቸው። ኮሌታቸውን ቆለፉ፣ ስፒላቸውን ተፉ፣ ፊታቸውን እንደ ዳኛ አጠቆሩ። በኋላ ለምን ፈገግ እንዳላሉ ብጠይቃቸው፣ "ፎቶ ላይ የሳቅሽ እንደሆነ ወደፊት ምን አስቆሽ ነው ይሉሻል፤ አንቺም አታስታውሺውም" አሉኝ። ጫማም ከሰዓት በኋላ ካልሆነ በቀር እንዳልገዛ ያስጠነቀቁኝ እሳቸው ናቸው። እግር ጧት ጧት ይዋሻል አሉ።

ከዚያ ሞባይል መጣ፤ ጋሽ ጫኔም ሥራ በዛባቸው። ከገጠር የሚመጣው ሰው ስልኩን የት እንደሚያደርገው ቸግሮት ነበር። በኪሱ ሲያደርገው ጎንበስ ባለበት ይወድቃል፤ የአንዱ ሰውዬ ስልክ እንዲያውም መጸዳጃ ጉድጓድ ገብታ ከዚያ ሆና ትጮህ ነበር። ሰውዬው ሮጦ መጥቶ "ምን ላድርግ?" ቢላቸው፣ "በሌላ ስልክ ለደወለው ሰው ደውልና 'ቤት የለም፣ ወርዷል' በለው" አሉት። ከዚያ በኋላ እንደ ዳዊት ማኅደር ያለች የጨርቅ ማኅደር፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል፣ መስፋት ጀመሩ። ከመለካታቸው በፊት "በየትኛው ጆሮህ ነው የምትሰማ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ገመዱ በዚያ በኩል እንዲረዝም።

በገበያ ቀን ማኅደር ያንጠለጠለው ሁሉ ለመደወል በረንዳቸው ሥር ይሰበሰባል። የጋሽ ጫኔ ቆርቆሮ ኔትወርክ ይስባል ተብሎ ይታመናል። እዚያ ነው ትልቁ ችግር የታየው፤ ችግሩም ሰላምታ ነው።

የእኛ አገር ሰው ሰላምታ ጀምሮ አያቋርጥም። እንደምን ሰነበትክ ይላል፤ ደህና ነህ ወይ ይላል፤ ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ከብትህ፣ ጎረቤትህ፣ አዝመራው፣ ዝናቡ እያለ ይጠይቃል። ያኛው ለእያንዳንዱ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ አመስግኖ ሲጨርስ ደግሞ የመጠየቁ ተራ የእሱ ይሆናል። በዚህ መሀል ካርዱ ያልቃል። የደወለበት ጉዳይ አልተነገረም።

አያ ንጉሤ የሚባሉ የበየዳ ገበሬ ነበሩ። ታደሰ የተባለ ታናሽ ወንድማቸው መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። አያ ንጉሤ የጋራቸውን በሬ ሊሸጡ ፈልገው ፈቃዱን ለመጠየቅ ያን ሁሉ ዳገት ቁልቁለት አቋርጠው ደባርቅ ይመጣሉ፤ ይደውላሉ፤ ሰላምታው ላይ ካርዱ ያልቃል፤ ይመለሳሉ። በሚቀጥለውም ገበያ እንዲሁ። በመጨረሻ እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው፣ "በሬው አርጅቶ ሊሞት ነው፤ እኔና ወንድሜ ደህና መሆናችንን ብቻ አወቅን" አሉ።

ጋሽ ጫኔ ስፒላቸውን አንድ በአንድ አወጡ።

"ንጉሤ፣ ስማኝ። ስልክ ሲሆን ጉዳዩ ይቅደም። ሰላምታው ይደርሳል።"

"እንዴት ተደርጎ! ሳልጠይቀው? እንደ ጅብ ዘልዬ?"

"እንደ ጅብ ዘለህ። 'በሬውን ልሽጠው ወይ?' በል። 'ሽጠው' ሲልህ ካርዱ እስኪያልቅ እንደምን ነህ በለው።"

ይህ ምክር አገሩን አዳረሰ። የልብስ ሰፊ ጠመኔያቸውን አንስተው "ጉዳዩ ይቅደም" ብለው በራቸው ላይ ጻፉት። በረንዳው ሥር የሚደውለው ሰው ሁሉ "ገብሱ ተወቃ! እንደምን አለህ?"፣ "ሙሽራዋ እሺ አለች! እንደምን ሰነበታችሁ?" እያለ ይጮህ ጀመር። ጋሽ ጫኔ መኪናቸውን እየረገጡ እንደ ደብር አለቃ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደምሴ "ጋሽ ጫኔ፣ የሠሩት ሥራ እኮ ቀላል አይደለም" ሲላቸው፣ "አውቃለሁ" ብለው መለሱለት።

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ንጉሤ እየሮጡ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እኔ ቀሚሴን ላስጠብብ እዚያው ቆሜ ነበር። ስልካቸውን ከማኅደሩ አወጡ፣ ደወሉ፣ ተነሣላቸው፤ እንደተማሩትም በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ።

"ታደሰ! አባታችን ሞተ! እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነህ ወይ? ሰሊጡ እንዴት ነው?"

የስፌት መኪናው ቆመ። ጋሽ ጫኔ እግራቸው መርገጫው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። አያ ንጉሤ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና "ዝም አለ" አሉን፤ ግራ ገብቷቸው፤ ሁሉን ነገር በደንቡ ያደረጉ ሰው ናቸውና።

ታደሰ ከቀብሩ በኋላ ደረሰ። ወደ በየዳ ከመውጣቱ በፊት ቀጥታ ወደዚያች በረንዳ መጣ። ፀሐይ ያከሰለው ወጣት ነው። ይሳደባል፣ ምናልባትም ይደባደባል ብለን ፈራን።

"ጉዳዩ ይቅደም ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ ልጄ።"

"እኔን ምን እንዳደረጉኝ ያውቃሉ? ገበያ መሀል ቆሜያለሁ። አባትህ ሞተ አለኝ፤ ወዲያው ደህና ነህ ወይ አለኝ። እኔም ..." እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። "እኔም 'እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ' አልኩ! አባቴ ሞቶ ደህና ነኝ አልኩ! አፌ ነው ያለው፤ ለምዶበት። እስካሁን ማልቀስ አቃተኝ። ላለቅስ ስል ያቺ 'ደህና ነኝ' ያልኳት ትመጣብኛለች።"

ጋሽ ጫኔ ተነሥተው በሩ ላይ የጻፉትን በእጅጌያቸው አጠፉት። በምትኩ "ሞት በስልክ አይነገርም" ብለው ጻፉ፤ ፊደሉ ተንጋደደባቸው። ከዚያ ልጁን ይዘውት ወደ ውስጥ ገቡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲወጡ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በረንዳቸው ሥር የሚደወለውን ሁሉ ይቆጣጠሩ ጀመር። "ምንድን ነው ጉዳዩ? ሠርግ ነው? ቀጥል። በሬ ነው? ቀጥል። ሰው ነው? ዝጋው! አውቶቡስ አለ!"

ደምሴ፣ "ጋሽ ጫኔ፣ ደግሞ ሳንሱር ሆኑ?" አላቸው።

"ሆንኩ።"

"ሰው እኮ በስልክም ሰማው በቃል ያው ሞት ነው።"

"ያው አይደለም። ስልክ ነግሮህ ይዘጋል። ሰው ግን ነግሮህ ይቀመጣል።"

ደምሴ ሳቀ። ብዙ ሳይቆይ ለትምህርት ቤት ጉዳይ ጎንደር ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ምስር እየለቀምኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ የደምሴ ቁጥር ነው። አነሣሁት።

"ቤት ነው?" አለች አንዲት ልጅ።

"ምን ልበል?"

"ይህ ስልክ ላይ 'ቤት' የሚል አግኝቼ ነው።"

"አዎ ልጄ፣ ቤት ነው" አልኳት።

ሐኪም ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ጨዋ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። መንገድ ላይ ወድቆ እንዳመጡት፣ ልቡ እንደሆነ፣ ብዙ እንደሞከሩ። እኔም "እሺ ልጄ፣ ለድካምሽ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ቀጥሎ ምን እንዳልኩ ብናገር ማንም አያምነኝም። "ቤተሰብሽ ደህና ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቷም "ደህና ናቸው፣ እናቴ" አለች። ስልኩ ተዘጋ። እኔም የቀረችውን ምስር ለቅሜ ጨረስኩ።

ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ መንገዱን ተሻገርኩ።

"ጋሽ ጫኔ፣ ደምሴ ሞተ አሉኝ" አልኳቸው። አንዲት ሩቅ ያለች ሴት ባሏ እንደሞተባት የማወራ ነበር የሚመስለው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኔ ደረቅ ነው። ይህ ነገር እኔን ራሴን አስፈራኝ።

ስፒላቸውን አወጡ። አንዱ ወደቀ፤ አላነሡትም።

"ማነው የነገረሽ?"

"ስልክ።"

"ሰው አልነገረሽም?"

"አልነገረኝም።"

"እንግዲያው አልሰማሽም። ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ። እራትሽን ሥሪ። እስከ ጧት ድረስ አልሰማሽም፣ እሺ?"

ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ልቅሶ እንዲመጣልኝ የሚያደርግ ሌላ መንገድ ስላልታየኝ ይሆናል። ገባሁ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሠፈራችን የተጫወተውን ጨዋታ የትም አላየሁም። አስከሬኑን ለማምጣት መኪና ጎንደር ወረደ፤ ልጃችንን ይዘው እንዲመጡ ሁለት ሰዎች ዳባት ሄዱ። ለእኔ ግን ማንም ምንም አይለኝም። አንዷ ጎረቤት ዓይኗ አብጦ መጥታ ወንፊት ተዋሰችኝ። ሌላዋ በርበሬ ስለመወደዱ ልታወራኝ ገብታ፣ በርበሬ ስትል አለቀሰችና "ያቃጥላል" ብላ ወጣች። የሻረግ የምትባለው ባልንጀራዬ ጋቢዋን ተሸክማ መጣች። "ቤቴ ቁንጫ ገብቶ ነው፤ እዚህ ልደር" አለችኝ። የሻረግን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቤቷ ቁንጫ ዝር እንደማይል ያውቃል።

ውጭ ደግሞ የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ፈንታሁን ከጋሽ ጫኔ ጋር ይከራከራሉ። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸዋል፤ በመስኮቴ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል።

"ጫኔ፣ ሴትዮዋ ታውቃለች እኮ! የሚታወቅ ነገር እንዴት መርዶ ይሆናል? መሳቂያ ልታደርገን ነው?"

"ማን ነገራት?"

"ስልክ!"

"ስልክ ዕድር ከፍሎ ያውቃል?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ድንኳን ይተክላል? ወንበር ያወጣል? አብሯት ይቀመጣል? የማይቀመጥ መርዶ ነጋሪ የለም። አልሰማችም ብያለሁ።"

አቶ ፈንታሁን አጉረመረሙ። የሻረግ ወደ እኔ ዞራ "ስለ ምንድን ነው የሚጨቃጨቁት እቴ?" አለችኝ። "እንጃ" አልኳት። ሁለታችንም ያልሰማን መስለን ተኛን።

ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"ጫኔ ነኝ። ክፈቺ ልጄ።"

ከፈትኩ። ጭጋግ ነበር። ጋሽ ጫኔ ፊት ቆመዋል፤ ሜትራቸውን አውልቀዋል። ከኋላቸው ሠፈሩ በሙሉ፣ ነጠላውንና ጋቢውን አጣፍቶ፣ አንድም ሰው ሳያስነጥስ ቆሟል። እኔ ደረቅ እንደሆንኩ ነበር። ቶሎ ተናግረው እንዲጨርሱት ፈለግሁ። እሳቸው ግን አልቸኮሉም።

"እንደምን አደርሽ?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደህና አደርሽ ወይ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅሽ እንደምን ናት?"

"ደህና ናት።"

"የልጅ ልጆችሽስ? ትንሿ ጥርስ አወጣች?"

"አወጣች።"

"ተማሪዎችሽ እንደምን ናቸው? የሻረግ እንደምን አደረች?"

የሻረግ ከኋላዬ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች፤ ፊቷን ግን በጋቢዋ ሸፈነች።

"ላሚቱ ደህና ናት? ጥጃዋስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ጓሮሽ? ድንቹን ውርጭ አልመታውም?"

"አልመታውም።"

"ውሻው እንደምን ነው?"

"ውሻውም ደህና ነው፣ ጋሽ ጫኔ።"

ዝም አሉ። እኔም የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቅሁ። በእኛ አገር ሰላምታ ባል ሳይጠየቅ ውሻ ተጠይቆ አያውቅም። ምናልባት ረስተውት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ መሬት ያያል። ሁሉም ተጠይቆ አልቋል፤ ጥጃዋ ሳትቀር። አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ለእሱ "ደህና ነው" ልል አፌ ተዘጋጅቶ፣ የሚጠይቀኝ አጣሁ።

"ደምሴንስ?" አልኳቸው። "ጋሽ ጫኔ፣ ደምሴን አይጠይቁኝም?"

"አልጠይቅሽም ልጄ" አሉኝ። "ደምሴ ሞቷል።"

ያን ጊዜ ሰማሁ። ከእኔ ቀድመው የጮኹት ግን ሲከራከሩ ያመሹት አቶ ፈንታሁን ነበሩ፤ ቀጥሎ እኔ፤ ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ። ጋሽ ጫኔ ክንዴን ይዘው ደጃፌ ላይ አብረውኝ ተቀመጡ፤ እስከ ቀብር ሰዓት ድረስም አልተነሡም።